ጥቁር ፖሊስማ ድሮም ነበረ

(ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለኛው ማህበረሰብ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ሰዎች ጻፈው ስላሉኝ ከድምፅ ቅጂው ላይ ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት፣ የተደጋገመውን ቆርጫለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ደሞ ፊት ወንበር አለ እኮ፣ ኑ ቁጭ በሉ።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር። እዚህ ሀገር ስብሰባ ሲከፈት መሬቱ የማን እንደሆነ ይነገራል፣ እኛ ብዙ ጊዜ እንደ ማስታወቂያ ሰምተን እናልፈዋለን፣ ዛሬ ግን የመጣንበት ጉዳይ ራሱ ስለሆነ በደንብ ልበለው፣ የቆምንበት መሬት የኩሊን ህዝቦች ነው። ሁለተኛው፣ የሞቱ ሰዎችን አነሳለሁ። በብዙ የአቦርጂናል፣ ማለት የአውስትራሊያ ነባር ህዝብ፣ ማህበረሰብ ዘንድ የሞተ ሰው ስም ለተወሰነ ጊዜ አይጠራም፣ ስለዚህ ቀድሞ መናገር ደንብ ነው። እኛ ተዝካር ደግሰን ሙት አመት ቆጥረን ስሙን እየጠራን የምናለቅስ ሰዎች ነን፣ መሃል አውስትራሊያ ግን አንድ ሰው ሲሞት በህይወት ያሉት ሞክሼዎቹ ሳይቀሩ በስማቸው መጠራት ያቆሙና ኩማንጃዪ ይባላሉ። ይሄን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ይሄን ርእስ ያመጣችው አንድ እናት ነች፣ እዚሁ ተቀምጣለች፣ ስሟን አልጠራም። ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ያዘችኝና ልጄ ፖሊስ ልግባ እያለ ነው ምን ልበለው አለችኝ። እኔም መልስ ስላልነበረኝ ማንበብ ጀመርኩ፣ ስጀምር የፈለግኩት ስለኛ ልጆች ነበር፣ ግን እዚህ ሀገር ስለ ፖሊስና ስለ ጥቁር ሰው ማንበብ የጀመረ ሰው አቦርጂናሎቹን ሳያነብ የትም አይደርስም፣ ነገሩ የተጀመረው በነሱ ነው።

ቁጥሩን ቶሎ ልበልና ልለፈው። የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጆች ከሀገሪቱ ህዝብ 3.8 ፐርሰንት ገደማ ናቸው። እስር ቤት ውስጥ ግን ከሶስት እስረኛ አንዱ የነሱ ሰው ነው። ይሄን የሰማ ሁሉ የሚያመጣው መፍትሄ አንድ አይነት ነው፣ ፖሊሱ ውስጥ ከነሱ ወገን ይብዛ፣ ፖሊሱ ህዝቡን ይምሰል ነው የሚባለው። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ አሁንም ክፉ ሀሳብ ነው አልልም። ግን ሳነብ ያስደነገጠኝ ነገር አለ፣ ጥቁር ፖሊስማ ድሮም ነበረ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ፣ በብዛትም ነበረ። ጥቁር ታዛዥ ጎድሎ አያውቅም፣ የጠፋው ጥቁር አዛዥ ነው።

በ1848 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ዛሬ ኩዊንስላንድ ወደሚባለው ሀገር ኔቲቭ ፖሊስ የሚባል ጦር ተቋቁሞ ተላከ። ፍሬድሪክ ዎከር የሚባል ነጭ መኮንን ነበር መሪው፣ ወታደሮቹ በሙሉ አቦርጂናሎች ናቸው፣ ፈረስ ተሰጣቸው፣ ዩኒፎርም ተሰጣቸው፣ ጠመንጃ ተሰጣቸው። እነዚህን ሰዎች ያመጧቸው ግን ከዛው አካባቢ አይደለም፣ ከደቡብ፣ ከመሪምቢጂ ወንዝ ወገን ነው፣ ከሚሄዱበት ህዝብ ጋር ቋንቋ የላቸው፣ ዝምድና የላቸው፣ የሚያፍሩት ሽማግሌ የላቸው። እኛ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንላለን አይደል፣ እንግሊዞቹ ገልብጠው አወቁት፣ የአገሩን ሰርዶ በሌላ አገር በሬ። ይሄ ጦር እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከብት አርቢዎቹ መሬት እንዲይዙ እየቀደመ ህዝቡን ይፈጅ ነበር፣ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ደሞ ገደልናቸው አይባልም፣ በተናቸው ነው የሚባለው። መበተን። አንድ ቃል ስንት ሬሳ እንደሚሸፍን አስቡት፣ የሟቾቹን ቁጥር በአስር ሺዎች የሚገምቱ የታሪክ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ ፊታቸውን ብቻ ብንቆጥር ይሄ ጦር ከመቶ ዘጠና ምናምን ጥቁር ነው፣ ዛሬ የትኛውም የፖሊስ መስሪያ ቤት የማይደርስበት ኮታ ሞልቷል። (ሳቅ ነበር እዚህጋ፣ የማያስቅ ሳቅ።) አንድ አባት ከፊት ረድፍ ባንዳ በለው እንጂ አሉኝ። አባቴ ልክ ነዎት፣ ቃሉ አለን፣ ግን እኔ ቶሎ ብዬ ባንዳ ማለት ይከብደኛል፣ ለምን ቢሉ እነዛ ልጆች የራሳቸው ሀገር ቀድሞ ተወስዶ፣ ወገናቸው አልቆ፣ አንዳንዱም ተገዶ ነው የገባው፣ ምርጫው ከምን ከምን መሃል እንደነበር ሳላይ አልፈርድም።

አሁን ወደ ትራከሮቹ ልምጣ፣ ዱካ አንባቢ ማለት ነው። ሳር ተኝቶ እንደሆነ፣ ድንጋይ ተገልብጦ እንደሆነ አይቶ ሰው ከስንት ቀን በፊት በየት እንዳለፈ የሚናገሩ ሰዎች። ኔድ ኬሊን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የሜልቦርን ልጅ የማያውቀው የለም፣ ሽፍታው። እሱን ለመያዝ ከኩዊንስላንድ ዱካ አንባቢዎች አስመጡ፣ ኬሊ ከፖሊሱ ሁሉ አብልጦ የሚፈራው እነሱን ነበር ይባላል። በ1880 ግሌንሮዋን ላይ ተከቦ ተያዘ፣ በዛው አመት እዚሁ ሜልቦርን ተሰቀለ፣ 8,000 ፓውንድ ሽልማት ነበረ፣ ተከፋፈሉት። ለዱካ አንባቢዎቹ በያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ ተመደበ፣ ግን በእጃቸው አይሰጥ ተባለ፣ ገንዘብ መያዝ አያውቁበትም፣ መንግስት ይያዝላቸው። ከመቶ አመት በላይ ቆይቶ ዘሮቻቸው ገንዘቡን ሲጠይቁ ነበር።

ሌላ ልጨምር። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ደቦ የምትባል ከተማ አለች (የኛ ደቦ አይደለም)፣ እዛ አሌክሳንደር ራይሊ የሚባል ዱካ አንባቢ ነበር፣ የጠፋ ልጅ የሚያገኝ፣ ገዳይ የሚያስይዝ፣ በዛ ግዛት ፖሊስ ውስጥ ሰርጀንት ማዕረግ የደረሰ የመጀመሪያው አቦርጂናል ነው፣ በ1943 የንጉሱ የፖሊስ ሜዳልያ ተሰጥቶታል። በ1950 ስራ ሲያቆም ጡረታ አልተከበረለትም። ሜዳልያ አለ፣ ጡረታ የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሀገር ቤት መንግስት ሰርቶ ጡረታ የተንከራተተ ሰው ካለ ይሄ ይገባዋል።

ከሁሉም ግን እንቅልፍ የነሳኝ ጃንዳማራ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ኪምበርሊ የሚባል ሀገር አለ፣ የቡኑባ ህዝብ ልጅ ነው፣ ከነጮቹ ጋር አድጎ ፈረስና ጠመንጃ የለመደ፣ ለፖሊስ ዱካ አንባቢ ሆኖ ሪቻርድሰን ከሚባል ኮንስታብል (ተራ ፖሊስ) ጋር ይሰራ ነበር፣ ጓደኛሞችም ነበሩ ይላሉ። በ1894 ሁለቱ ሆነው የቡኑባ ሰዎችን አሳደው ያዙ፣ በሰንሰለት አስረው አንድ ጣቢያ አስቀመጧቸው። የታሰሩት እነማን ናቸው፣ የጃንዳማራ የራሱ ዘመዶች፣ ታላላቆቹ። እንግዲህ ሌሊት ምን እንዳሉት ራሳችሁ አስቡት፣ ታላቅህ በሰንሰለት ሆኖ ሲያይህ ዩኒፎርሙ ይከብዳል። ጃንዳማራ ሪቻርድሰንን ገደለው፣ ሰንሰለቱን ፈታ፣ ጠመንጃውን ይዞ ከዘመዶቹ ጋር ዋሻ ገባ። ከሁለት አመት በላይ ነጭ ፖሊስ ሊይዘው አልቻለም፣ ተመልሶ መጥቶ ፖሊሶቹ ተኝተው ሳለ ስንቃቸውን ይወስድ ነበር፣ አይሞትም ተባለ። በመጨረሻ በ1897 በገደል አፍ ላይ ተኩሶ የገደለው ማን ነው፣ ከሌላ ሀገር የመጣ ሌላ አቦርጂናል ዱካ አንባቢ። አንዱን ዱካ አንባቢ ሌላው ዱካ አንባቢ። ሁለቱም ፖሊሶች ናቸው፣ ሁለቱም ጥቁር፣ እና አንድ ሰው ፖሊሱ ውስጥ የናንተ ሰው አለላችሁ ሲለኝ እኔ ወዲያው የቱ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ከዛ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልሂድበት፣ ብዙ ነው። ህፃናት ከእናታቸው ጉያ ይወሰዱ የነበረበት ዘመን ነበር፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ነው። በ1987 የተቋቋመ ሮያል ኮሚሽን፣ መንግስት የሚያቆመው ትልቅ አጣሪ ማለት ነው፣ በፖሊስና በእስር ቤት እጅ የሞቱ 99 አቦርጂናሎችን አንድ በአንድ መረመረ፣ ከ99ኙ 43ቱ በልጅነታቸው ከቤተሰብ የተነጠሉ ሆነው ተገኙ። ህፃን እያሉ ተወሰዱ፣ አድገው እንደገና ተወሰዱ። ኮሚሽኑ በ1991 ስራውን ጨርሶ 339 ምክረ ሃሳብ አቀረበ፣ ከዛ ወዲህ ከ500 በላይ አቦርጂናሎች እንደገና በእስር ላይ እያሉ ሞተዋል።

ከ339ኙ ውስጥ አንዱ ስለ ቅጥር ነው፣ ፖሊስ አቦርጂናሎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ጠንክሮ ይቅጠር ይላል። ከስሩ ደሞ አንድ ትንሽ አረፍተ ነገር አለች፣ ማንም አያነሳትም እኔ ግን ወደድኳት፣ ከተቻለ በቡድን በቡድን ይግቡ ትላለች። ብቻውን የገባ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው የጻፋት።

ብቻቸውን የገቡ አሉ። ኮሊን ዲሎን በ1965 የኩዊንስላንድ ፖሊስ ገባ፣ ልብ በሉ፣ ህዝበ ውሳኔ ተደርጎ አቦርጂናሎች ከህዝቡ ጋር ይቆጠሩ የተባለው በ1967 ነው፣ ሰውየው ፖሊስ ሲሆን ሀገሪቱ ገና አልቆጠረችውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የፖሊስ ሙስና ምርመራ ሲከፈት በስራ ላይ እያለ በፈቃዱ ሄዶ ያየሁትን እናገራለሁ ያለ የመጀመሪያው ፖሊስ እሱ ነው፣ የምርመራው መጨረሻ የፖሊስ ኮሚሽነሩን ራሱን እስር ቤት አስገባው። ሊያን ሊድል ደሞ የደቡብ አውስትራሊያ ፖሊስ የመጀመሪያዋ አቦርጂናል ሴት ነበረች፣ ዘረኝነት ደረሰብኝ ብላ ለቀቀች፣ ከዛ ህግ ተምራ ከብዙ አመት በኋላ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ፖሊስ ውስጥ በትልቅ ሃላፊነት ተመለሰች፣ በ2025 እሱንም ለቃለች። እንዲህ አይነት ሰዎች ስራቸውን ሲሰሩ ውጭ ወገናቸው ከዳተኛ ይላቸዋል፣ ውስጥ ጓዳቸው አያምናቸውም።

አሁን በጣም የምፈልገው ቦታ ደረስን። መንግስታቱ ምክሩን ሰምተው አቦርጂናሎችን ቀጠሩ፣ ግን ምን አድርገው ቀጠሩ። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ አገናኝ ኦፊሰር የሚባሉ አሉ፣ ሸሚዝ ይለብሳሉ፣ ጣቢያ ይቀመጣሉ፣ ፖሊስ ግን አይደሉም፣ የማሰር ስልጣን የላቸውም፣ ስራቸው ማስረዳትና ማረጋጋት ነው። ሌሎቹም ግዛቶች በየስሙ እንዲህ አይነት አላቸው። ማስረዳቱ መጥፎ አይደለም፣ አስተርጓሚ የሌለበት ፖሊስ ጣቢያ ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ እናቶች ትነግሩኛላችሁ፣ ግን ሰውየው የሚያስረዳው ሌላው የወሰነውን ነው።

ፓልም ደሴት፣ ኩዊንስላንድ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2004። አንድ የ36 አመት ሰው በመንገድ ሲያልፍ ፖሊስ ሌላ ሰው ሲያስር አየ። ከነጩ ሰርጀንት ጋር አቦርጂናል አገናኝ ፖሊስ ቆሟል፣ ሰውየው ለሱ ነው የተናገረው፣ አንተም እንደኔ ጥቁር አይደለህም እንዴ አይነት ነገር። በዚህና በስድብ ምክንያት ያዙት፣ ጣቢያ ገባ፣ አንድ ሰአት ገደማ ውስጥ ሞተ፣ አራት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ጉበቱ ለሁለት ሊከፈል ደርሶ። ከሞተ በኋላ ሙልሩንጂ ነው የሚባለው፣ እኔም እንደዛ ልጥራው። ሰርጀንቱ ተከሶ በ2007 ነፃ ተባለ፣ ይሄም መነገር አለበት። ደሴቱ ነደደ፣ ፖሊስ ጣቢያው ተቃጠለ፣ ከዛ በኋላ ፖሊስ ህዝቡ ላይ ያደረገውን ነገር ፌደራል ፍርድ ቤት በ2016 የዘር መድልዎ ነው ብሎ ፈረደ፣ በ2018 መንግስት 30 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ህሊናዬ ውስጥ የቀረው አገናኙ ነው። በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ለምን ገብተህ አላየህም ሲባል የመለሰው በአጭሩ ካየሁ እኔም ችግር ውስጥ እገባለሁ ብዬ ነው የሚል ነው። ፈሪ በሉት ካላችሁ በሉት፣ እኔ ግን የማየት ስልጣን ያልተሰጠው ሰው እዛ በር ላይ ለምን እንደቆመ ነው የምጠይቀው።

አሁን ኩማንጃዪ። ዩንዱሙ ከአሊስ ስፕሪንግስ 290 ኪሎሜትር አካባቢ በረሃ ውስጥ ያለች የዋልፒሪ ህዝብ መንደር ነች። በ1928 ኮኒስተን በሚባለው አካባቢ አንድ ኮንስታብል የመራው ቡድን የዋልፒሪንና የጎረቤቶቹን ህዝብ ፈጅቷል፣ መንግስት 31 ሰው አለ፣ ሽማግሌዎቹ ከዛ በጣም ይበልጣል ይላሉ፣ የዛን ጊዜ አጣሪ ቦርድ ኮንስታብሉን ልክ ነህ ነው ያለው። ስለዚህ እዛ መንደር ፖሊስ ሲመጣ የሚመጣው ዛሬ ብቻ አይደለም።

ኖቬምበር 9 ቀን 2019 የ19 አመቱ ኩማንጃዪ ዎከር ይፈለግ ነበር፣ የለቅሶ ስነስርአት ስለነበረ ጠዋት በማለዳ፣ መንደሩን የሚያውቅ የዛው ጣቢያ ፖሊስ ባለበት ይያዝ የሚል እቅድ ወጥቶ ነበር። ከአሊስ ስፕሪንግስ የመጣው ልዩ ቡድን ግን ጠዋትን አልጠበቀም፣ በዛው ምሽት ቤት ገባ፣ ልጁ በመቀስ አንዱን ፖሊስ ወጋ፣ ፖሊሱ ሶስቴ ተኮሰበት፣ ነርሶቹ በዛው ቀን ለደህንነታቸው ተብሎ ከመንደሩ ወጥተው ስለነበር ሀኪም ሳያገኝ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሞተ። ፖሊሱ በ2022 በጁሪ ነፃ ተባለ። በ2025 ሀምሌ ኮሮነሯ (የሰው አሟሟት የምታጣራዋ ዳኛ) ሪፖርቷን ስታወጣ ፖሊሱ ዘረኛ እንደነበረና የተቋማዊ ዘረኝነት ምልክት ባለበት መስሪያ ቤት ይሰራ እንደነበር ጻፈች።

እና አያችሁት፣ ዩንዱሙ ላይ የዛው ሀገር ፖሊስ ነበረ። ዋልፒሪ የሚናገር፣ ልጁንም ቤተሰቡንም የሚያውቅ። ሪክሩትመንቱ ሰርቷል፣ ቁጥሩ ውስጥ አለ፣ የጎደለው ያን ምሽት አይ፣ አትግቡ የሚል ድምፅ ብቻ ነው፣ እና ያንን ድምፅ ማንም አልጠየቀውም።

ተስፋ ያለበት ነገር የለም ወይ ትሉኛላችሁ፣ አለ፣ ትንሽ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከኡሉሩ ወደ ምዕራብ ከ300 ኪሎሜትር በላይ፣ ዋራኩርና የምትባል የጥቂት መቶ ሰዎች መንደር አለች፣ የንጋንያጃራ ህዝብ ምድር ነው። እዛ ያለው ፖሊስ ጣቢያ በአቦርጂናል ፖሊሶች ብቻ እንዲመራ ተደረገ፣ በግዛቱ የመጀመሪያው ነው። አገናኝ አልነበሩም፣ አዛዦቹ ራሳቸው ነበሩ፣ ማን ይያዝ ማን ይመከር የሚወስኑት እነሱ። የሚገርመው ፖሊሶቹ ራሳቸው የዛ ምድር ሰዎች አልነበሩም፣ ቆዳ አንድ ስለሆነ ብቻ ቋንቋ አይገባም፣ እንደማንኛውም እንግዳ ቁጭ ብለው መማር ነበረባቸው፣ ከሽማግሌዎቹና ከልጆቹ ቃል በቃል። በዛው ሰሞን፣ በ2018፣ የግዛቱ ፖሊስ ኮሚሽነር ፖሊስ ላደረሰው በደል አቦርጂናሎችን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታውን ትልቅ ነው የሚል አለ፣ ወሬ ነው የሚል አለ፣ እኔ ዋራኩርናን ነው የማየው።

ደሞ ህጉስ። ታንያ ዴይ የምትባል የዮርታ ዮርታ ሴት በ2017 ከኤቹካ ወደ ሜልቦርን ስትመጣ ባቡር ላይ ተኛች፣ ጠጥታለች ተብሎ ካስልሜን ላይ አውርደው አሰሯት፣ ክፍል ውስጥ ወድቃ ጭንቅላቷ ተመታ፣ ከ17 ቀን በኋላ ሞተች። አደባባይ ላይ ሰክሮ መገኘት ወንጀል መሆኑ ይቅር ያለው ያ የ1991 ኮሚሽን ነው፣ ቪክቶሪያ የሻረችው በ2023 ነው፣ ያውም ልጆቿ ታግለው። በነዛ 32 አመታት አንድ አቦርጂናል ፖሊስ ካስልሜን ቢመደብ ያንኑ ህግ ነበር የሚያስከብረው።

ወደኛ ልምጣና ልጨርስ። ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልቦርን የነበሩ የአፍሪካ ልጆች፣ ያኔ ኮንዶሚኒየሙ ስር (ሃውሲንግ ኮሚሽኑን ማለቴ ነው) ኳስ የሚጫወቱት፣ ፖሊስ በቆዳችን ያስቆመናል ብለው ፌደራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። የፖሊሱ የራሱ ዳታ ሲቆጠር ከሌላው በ2.5 እጥፍ ገደማ ይቆሙ ነበር። በ2013 በስምምነት አለቀ፣ ፖሊስ ሰው የሚያስቆምበትን አሰራርና ስልጠናውን በህዝብ ፊት ሊመረምር ተስማማ። ያንን ያመጡት ከውጭ ሆነው የከሰሱ ስድስት ልጆች ናቸው፣ ውስጥ የገባ አንድ ሰው አይደለም። ግን ደሞ ውስጥ ማንም ባይኖር ተስማምተንበታል የተባለውን ማን ይከታተለዋል፣ ይሄም አለ፣ እኔ እዚህጋ ሁለት ልብ ነኝ።

(ጥያቄና መልስ ረጅም ነበር፣ አንዱን ብቻ ልጻፍ።)

ያች እናት ዝም ብላ ነው ያመሸችው፣ የተነሳው ልጇ ነው። ጋሼ እና ፎርሙን ልተወው ነው የሚሉኝ አለ። አይ አልኩት፣ ግን ስትገባ ሁለት ነገር ጠይቅ፣ ከስንት አመት በኋላ ሰው ማዘዝ እንደምትችል ጠይቅ፣ አትግቡ ብትል የሚሰማህ ማን እንደሆነ ጠይቅ። ደሞ ኮሚሽኑ እንዳለው ብቻህን አትግባ፣ በቡድን ግቡ። ልጁ ሳቀና ሶስት ነበርን አለ፣ አንዱ ፈተናውን ወደቀ፣ አንዱን እናቱ ከለከለችው። ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ እናቶቹን ማየት ጀመረ፣ ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉ አየሁ።